ማንም ያልሞተበት ጥሩምባ

አሁንም ለጥየቃ መካነ ሰላም ስሄድ፣ ጎህ ሲቀድ ከማዶ የጥሩምባ ድምፅ ከመጣ፣ ብርድ ልብሴን ገፍፌ እቀመጣለሁ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ሟች የሚቀብረው ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነበረው፣ ጥሩምባ ነፊውም አባቴ ይመር ነበር። እሱ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሲነፋ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጡ ነበር።

በዚያ ወታደራዊ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት፣ እህሉ ከአውድማ እንደገባ ወጣቱ ለጦርነት ይታፈስ ነበር። ጎረምሶቹ ወደ ቆላው ገደል ወርደው በየዋሻው እያደሩ፣ ለስብሰባ ቢጠሩ አይወጡም፣ ለእርዳታ ስንዴ ቢጠሩ አይወጡም ነበር። ለቀብር ግን ይወጡ ነበር። ይህን የቀበሌው ሊቀመንበር አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ የእኛው ሰው ነበርና።

በጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። ጭራቅ አልነበረም፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ፣ የእናቴን የወገብ ሕመም ጠየቀ።

«ነገ ጠዋት ንፋ» አለው አባቴን።

«ኧረ በአላህ! ማን ሞቶ?» አለ አባቴ፤ ክርስቲያን ብንሆንም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በአላህ እንል ነበር።

«ማንም አልሞተም። ከላይ የመጣ ነው፣ ይመር። ያንተ ካሣ አይነካም፤ አብሽር።»

ካሣ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዕድሜው ለውትድርና ደርሶ ነበር።

አባቴ ከንፈሬ ቆስሏል ብሎ መዋሸት ይችል ነበር፤ በትልልቅ ውሸት የሚኖር መንግሥት ትንሿን ብዙም አይመረምርም። ግን ነፋ። ጎረምሶቹ ዶማቸውን ተሸክመው ከገደሉ ወጥተው የቅሬው ሰው የሚሰበሰብበት ወይራ ሥር ሲደርሱ፣ ሚሊሻው ከበባቸው። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሰይድ፣ መኪናው ላይ እየጫኑት እንኳ «እናቴ ናት? የሞተችው እናቴ ናት?» እያለ ይጮህ ነበር።

አባቴ እራቱን ገፍቶ «እኔ ጠመንጃ አልያዝሁ» አለ። ሚሊሻው ሊቀመንበሩ አዘዘኝ ይል ነበር፣ ሊቀመንበሩ አውራጃው አዘዘኝ ይል ነበር፣ አውራጃውም የራሱ «ከላይ» ነበረው። ኋላ ስለ ጨቋኞች የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አነበብሁ፤ ብዙዎቹ ይህን መሰላል እየወጡ ክፋትን ጫፉ ላይ ይፈልጉታል። እኔ ያየሁት ክፋት ቤታችን በእንግድነት ገብቶ፣ ጠላ ጠጥቶ፣ መርቆን የሄደውን ነው።

ክረምቱ ገብቶ ጭጋጉ አገሩን ሲውጥ፣ አብራን የምትኖረው አክስቴ ታንጉት ሞተች። አባቴ ነፋ። የቀሩት ጎረምሶች ድምፁን ሲሰሙ ወደ ገደሉ ሸሹ፣ ሽማግሌዎቹ በራቸውን ዘጉ። ከንፈሩ እስኪደማ ቢነፋም ማንም አልመጣም። ሬሳ ቀባሪ ማጣቱ በእኛ አገር ከሞቱ የከፋ ውርደት ነውና፣ እናቴ ማልቀስ እንኳ አፍራ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ እትዬ ዘሀራ፣ ልጃቸው ወይራው ሥር ጥሎት የሄደውን ዶማ ተሸክመው በዝናቡ መጡ። ከኋላቸው ልጆቻቸው የታፈሱባቸው ሌሎች እናቶች ነበሩ።

«እትዬ፣ ታዝዤ እኮ ነው» አላቸው አባቴ።

«ትንፋሹስ? እሱም የመንግሥት ነበር?» አሉት። «ዞር በል! እኔ የመጣሁ ለታንጉት ነው።»

በእኛ ዘንድ ሴት መቃብር ቆፍራ አታውቅም፤ መቃብሩ ቦታ ስንደርስ ቄሱ ሊከለክሉ ብለው ትተው ፍታቱን ጀመሩ፣ ሴቶቹም መቆፈር ያዙ። አባቴ ዶማ ቢለምን የሚሰጠው አጣ፤ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይዝቅ ጀመር።

ሰይድ አልተመለሰም። ካሣ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ እኔም ወንድሜን እወደዋለሁ፣ ይህንንም የትኛውም መጽሐፍ አላቃለለልኝም። ሊቀመንበሩ አርጅቶ ሲሞት ቅሬው በወጉ ቀበረው። ጓደኞቼ ሁሉንም «የሥርዓቱ ጥፋት ነው» ብለው ሲዘጉት እሰማለሁ። ሥርዓቱ ከሄደ ቆየ። ድሮ በእኛ ቀበሌ ሰው ጥሩምባ ሲሰማ ብድግ ብሎ፣ የሞተው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነበር፤ በአጎራባቾቻችን በወግዲም በአቀስታም ዛሬም እንዲያ ነው። የእኛ ሰው ግን ደጁ ላይ ቆሞ «ማን ነው?» ይላል፣ ስም ሳይሰማም ዶማውን አያነሳም። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ነገሩ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ቢሆንም እነሱም አስቀድመው ይጠይቃሉ።