ሳልጠየቅ ያስተማርኩበት ዓመት

እህቴ ልብሷ ላይ ሸንታ ከትምህርት ቤት የመጣች ጊዜ አባቴን ከማንም አብልጬ ወደድኩት። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው አብዛኛው በንዴት ነው።

እኔ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገና መጀመሬ ነው። ከእኔ በታች ስድስት ልጆች አሉ፤ ስምንተኛዋ እናታችን ሆድ ውስጥ ነበረች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ አንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነው። ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት የደገመ፣ እስከ ዛሬም ሳይጸልይ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው። እናቴ ደግሞ ልጅ ሲበዛባት ተወችው እንጂ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች።

አሥር ዓመት የሆናት እህቴ ስትናገር ትንተባተባለች፤ ምላሷ ይያያዛል። አስተማሪዋ ይህን ያውቃል። ያን ቀን ተማሪዎቹ ፊት አቁሞ አንድ ገጽ እንድታነብ አዘዛት፤ በተያያዘባት ቁጥር ደግሞ ክፍሉ እንዲያጨበጭብ ተናገረ። አጨበጨቡ። ልጆች ናቸው፤ አጨብጭቡ ሲሏቸው ያጨበጭባሉ። ገጹን ሳትጨርስ ሸናች። በዚያው ልብስ ብቻዋን በእግሯ ወደ ቤት መጣች።

በማግስቱ አባቴ ከሥራ ቀርቶ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ርእሰ መምህሩ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። አስተማሪው ልጅቷን ሊያለማምዳት ብሎ ነው፣ ቤተሰብ ግን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ቢያሳያት ጥሩ ነው አለን። አባቴ አልጮኸም። እዚያ የሚማሩትን የአራቱንም ልጆቹን መልቀቂያ እንዲጽፉለት ጠየቀ፤ እስኪጽፉለትም በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ወረቀቶቹን አጥፎ ደረት ኪሱ ሲከት፣ "እግዚአብሔር ልጆቹን የሰጠው ለእኔ ነው። እኔው አስተምራቸዋለሁ" አለ። እጁን ይዤ ወጣሁ። በዚያች ሰዓት ትምህርት ቤቱን በድንጋይ እንደብድበው ቢለኝ እሺ እለው ነበር።

በሳምንቱ እኔንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቴ አስወጣኝ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሲሆን በረከት አለው፣ እናትሽም እጅ ያስፈልጋታል፣ አንቺን ደግሞ ለፈተናው በግል ተፈታኝነት አስመዘግብሻለሁ አለኝ። አመንኩት። እኛ ልጆቹ አባታችንን ፊት ለፊት አንቱ እያልን ነው ያደግነው፤ ያለውን ነገር መልሶ መጠየቅ የሚባል ልማድ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ወራት ያማሩ ነበሩ። አባቴ የሳሎኑን አንዱን ግድግዳ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሰሌዳ አደረገው። ከፋብሪካው በተጣለ የእቃ ማሸጊያ እንጨት ረጅም ጠረጴዛ ሠራ። ጠዋት ሁላችንም ተነስተን ውዳሴ ማርያም እናደርሳለን፤ ከዚያ የፋብሪካው ሰርቪስ እስኪመጣ ድረስ አባቴ ዳዊት ያስነብባል። እሱ ሲወጣ እናቴ ሒሳቡን፣ እንግሊዝኛውን፣ ሳይንሱን ትቀጥላለች። እናቴ ጥሩ አስተማሪ መሆኗን ያወቅኩት ያኔ ነው። ክፍልፋይን በዳቦ አስተምራ ልጆቹን ቁርስ አበላቻቸው።

ያቺ እህቴ ደግሞ ዳዊቱን በዜማ ስትለው ምላሷ አይያያዝም ነበር። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እንደ ውኃ ይፈስላታል። ይህን የሰማን ቀን እናቴ ወደ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ስለዚህ ያ ዓመት ሁሉ ክፉ ነበር አልልም። እንዲያውም ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያናድደኝም።

ታኅሣሥ ላይ የእናቴ እግር አበጠ፤ ዓይኗም ብዥ ይልባት ጀመር። ሆስፒታል ስትሄድ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሟ እስክትወልድ ተኝታ እንድትቆይ፣ ደረጃ እንዳትወጣ እንዳትወርድ አዘዘቻት። ከሆስፒታል በተመለሱበት ቀን አባቴ ጫማውን እያወለቀ፣ "እስክትወልድ ልጆቹን አንቺ ያዢያቸው" አለኝ። ትችያለሽ ወይ አላለም። የራስሽስ ትምህርት አላለም።

ያዝኳቸው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚመጣው፤ እሱም አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። ጄሪካን ይዤ ስወጣ ስወርድ የሁለት ዓመቷ ልጅ ጀርባዬ ላይ ናት። ወጡ ምድጃ ላይ እያለ ለአምስት ዓመቱ ልጅ ፊደል አስቆጥራለሁ፤ የስምንት ዓመቱን ደብተር አርማለሁ፤ ለትልልቆቹ እኔ ራሴ የረሳሁትን ሒሳብ አንብቤ አስረዳለሁ። እናቴ ከመኝታ ቤት ሆና ስህተቴን ስትሰማ ታርመኝ ነበር፤ ድምፅዋ ሲደክም ትተወዋለች። የእኔ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ምዕራፍ ሁለት ላይ ተዘግቶ አልጋ ሥር ገባ።

አባቴ ግን የጠዋቷን አንድ ሰዓት አስተምሮ ይወጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹን በተርታ አቁሞ ዳዊት ያስብላቸዋል። እንግዶቹ ያደንቃሉ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል ይላሉ። እሱም ቀና ብሎ፣ እኔ ልጆቼን ቤቴ ነው የማስተምረው ይላል። እኔ ምግብ እያቀረብኩ ነው። እጄ ላይ ጠመኔና ሽንኩርት አንድ ላይ ይሸታል። አንድም ሰው፣ አንድም ቀን፣ አንቺስ ስንተኛ ክፍል ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

ስለ ምዝገባው ሦስት ጊዜ አነሳሁበት። ሦስቱንም ጊዜ፣ "ይደርሳል" አለኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወንድሜ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍልን ከተማ አቀፍ ፈተና መፈተን ነበረበት። አንድ ቀን ምድር ቤት የሚኖር ጓደኛው ለፈተናው ፎቶ ተነስቶ እንደተመዘገበ ነገረው። ወንድሜ ፎቁን በሩጫ ወጥቶ ለአባታችን ነገረ። አባቴም ወረቀት የያዘው ሁሉ ሥራ ፈትቶ መንገድ ላይ እንደሚውል፣ ዋናው እውቀትና ፈሪሃ እግዚአብሔር እንደሆነ አስረዳው። ወንድሜ አልተከራከረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለሰሌዳው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ ጀመር። ዳዊት ሲደርሰው ከንፈሩን አያንቀሳቅስም። ደብተሩን ስገልጥለት ይዘጋዋል፤ እንደገና ስገልጥለት እንደገና ይዘጋዋል። አንድ ጊዜ ደብተሩን ነጥቄ ጠረጴዛው ላይ መታሁት፤ አጠገቡ የነበረችው ያቺ ምላሷ የሚያያዘው እህቴ ደንግጣ ከጠረጴዛው ሸሸች። ያን አስተማሪ መሰልኩ። በራሴ አፈርኩ፤ እፍረቱም ንዴቴን ጨመረው።

በአንድ ዓርብ ሁለተኛዋን ሴት ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷን እህቴን፣ ሕፃናቱን አስይዤ ከወንድሜ ጋር ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እናቴ የመልቀቂያዎቹን ቦታ ነግራኝ ከአባቴ ሳጥን አውጥቼ ይዣለሁ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴት ወረቀቶቹን በጥሞና አነበበች። የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ የሚመዘገበው በትምህርት ቤቱ በኩል እንደሆነ፣ እሱም ባለፈው ሳምንት እንደተዘጋ ነገረችን። ወንድሜ አመሰገናት። ለምን እንዳመሰገናት አላውቅም።

ከመሄዴ በፊት፣ የግል ተፈታኞች ስም ዝርዝር አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ኮምፒውተሯ ላይ የእኔን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም እየጻፈች ፈለገች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

"እህቴ፣ ምዝገባው ከተዘጋ ወር አልፎታል። በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም።"

ታክሲ መሳፈር አልቻልኩም፤ መቀመጥ የሚባል ነገር አላሰኘኝም። በከባድ መኪና አቧራ መሀል የመንገዱን ጠርዝ ይዤ በእግሬ ተጓዝኩ። ወንድሜ ከኋላዬ እየተራመደ አታልቅሺ ይለኛል። እያለቀስኩ አልነበረም። ጥርሴን ስነክስ ነው ፊቴ እንደዚያ የሆነው።

ቤት ስንደርስ የንስሐ አባታችን መጥተዋል። እናቴን ጠበል ሊረጩልን ከሳሪስ አቦ ድረስ የመጡ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። አባቴ ለእሳቸው ብሎ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል፤ ልጆቹንም በተርታ አቁሞ ዳዊት እያስነበባቸው ነው። መስቀላቸውን ተሳለምኩና እዚያው ቆሜ አባቴን ጠየቅኩት።

"አባባ፣ ለፈተናው አስመዝግበውኛል?"

ልጆቹ ንባባቸውን አቋረጡ። አባቴ ስለዚህ በኋላ እናወራለን አለ። አሁን ይንገሩኝ አልኩት። ቄሱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር ተናገረው።

"አንቺ ፈተና ብለሽ ከሄድሽ እነዚህን ማን ያስተምራቸዋል?"

ረስቼው ነው ቢል ኖሮ ይቅር ልለው እችል ነበር። አልረሳም። አስቦበት ነው።

"አንተ" አልኩት። "አንተ አይደለህ እንዴ የምታስተምራቸው? ለሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል የምትለው?"

አባቴን አንተ ብዬው አላውቅም ነበር። የተናገርኩት ከአፌ ሲወጣ የገዛ ጆሮዬ ደነገጠ። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ፤ ቄሱ ግን እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን ያዙት። አስቀመጡትና ወንድሜ የያዛቸውን ወረቀቶች ተቀበሉ፤ አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ።

"ልጄ፣ እኔ ዳዊት የደገምኩት በሰባት ዓመቴ ነው" አሉት። "ቀበሌ ሄጄ ቅጽ መሙላት የተማርኩት ግን በአርባ ዓመቴ ነው፤ እሱንም ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ልጄን ትምህርት ቤት የላክኋት እግዚአብሔርን ትቼ አይደለም።"

አባቴ ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከሁለት ወር በላይ ወደ ሳሎን ወጥታ አታውቅም። ሁላችንም ልንይዛት ተነሳን፤ በእጇ መለሰችን።

"ሰኞ ወረቀቶቹን ይዘህ ትሄዳለህ" አለችው። "ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ። ደረጃው ላይ ከወደቅኩም እዚያው ታነሳኛለህ።"

ሰኞ ሄደ። ሁለት ትምህርት ቤት መልሶት ሦስተኛው፣ እዚያው ቱሉ ዲምቱ ያለ ትምህርት ቤት፣ ትንንሾቹን ተቀበለለት። ወንድሜ ግን ፈተናው አለፈው፤ በዓመቱ ከእሱ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ስምንተኛ ክፍልን እንደገና ተቀምጦ ተማረ። ጓደኛው ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደረጃ ላይ እንዳይገናኙ ሰዓት ይጠብቅ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው። ወንድሜ እሺ አለ። እሱ ከእኔ ይልቅ ደግ ነው።

እናቴ ሚያዝያ ላይ ያለ ቀኗ ወለደች፤ ሴት ናት። ትንሽ ብትሆንም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላችው። ዳዊት በዜማ የምታነበው እህቴ ትምህርት ቤት አልመለስም አለች፤ ማንም አላስገደዳትም። አንድ ዓመት ተኩል እቤት እኔው አስተማርኳት። እሷን ያስተማርኩት በፈቃዴ ነው፤ ጠይቃኝ ነው፤ ስለ እሷ አንድም ቅሬታ የለኝም። በኋላ በራሷ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ልሞክር አለችና ሄደች። አሁንም ምላሷ ይያያዛል። እስኪለቃት ቆማ ትጠብቃለች እንጂ አትቀመጥም።

እኔ በዓመቱ ራሴ ሄጄ ተመዘገብኩ፤ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ውጤቱ የወጣ ቀን አባቴ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ መጣና አጠገቤ ቆመ። መቆንጠጫውን አንድ በአንድ ያቀብለኝ ጀመር። ከዚያ፣ "በዚያ ዓመት ተበድለሻል" አለኝ።

በደልኩሽ አላለም። ተበድለሻል ነው ያለኝ፤ መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው በድሎኝ እሱ እንዳዘነልኝ። ማን ነው የበደለኝ ብዬ ጠየቅኩት። የመጨረሻውን መቆንጠጫ እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ ውስጥ ገባ።

አሁን ኮሌጅ እየተማርኩ ነው፤ ከዚያው ቤት እየተመላለስኩ። ዘመድ ሲመጣ ልጆቹን እንዴት እንደያዝኳቸው ሰምቶ፣ አስተማሪነት ይሆንሽ ነበር ይለኛል። ለምስጋና እንደሚሉት አውቃለሁ። አመሰግናለሁ እልና ተነስቼ እወጣለሁ።