ከሰል የቀበርንበት ጓሮ

ልጆቹ ንገሪን ብለው ያዙኝ። ከሰል አፈር ውስጥ ቀብረን እንደነበር ሰምተው ሲስቁብን ከርመዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ አንዷ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ብዘገይ ታገሡኝ፤ እግሬም ምላሴም ዞር ዞር ማለት ይወዳሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአማቴ፣ ከባለቤቴ እናት፣ ጓሮ ነው። ቤታችን ሶዶ ዳር፣ ከአንድ ጋራዥ በታች ነው። ከቤቱ ጀርባ እንሰት ነበር፣ እኛ ኡታ የምንለው፤ በቀን ገብተሽበት እንኳ የመሸ ይመስልሻል። አማቴ በየማለዳው አመዱንና እበቱን ተሸክመው ለእያንዳንዱ እግር ሥር እንደ ልጅ ያጎርሱት ነበር።

እኔ ደግሞ ያኔ ለእንሰት ፍቀት፣ ቆጮው ሲወጣ፣ ሰው የሚጠራኝ ነበርኩ። ቤሌ ከተማም ሁምቦ ተበላም ዘመድ አለኝ፤ ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ስንፍቅ፣ ስንጫወት እንውላለን። ዱቦ ሐኪም ቤት የተኛ ልጠይቅ ስሄድ እንኳ፣ መንገድ ላይ ካገኙኝ ጎትተው ያስቀምጡኛል። ቢላዋዬ ከነጠላዬ አይለይም ነበር።

አንድ ክረምት እንዳለፈ የአማቴ እንሰት ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጎነበሰ። እኛ ዘንድ እንሰት ሲጠወልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን ከነካ በሽታውን ያሻግራል፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም ያውቀዋል።

«ከቤሌ ያመጣሽው ነው» አሉኝ አማቴ።

«እማማ፣ ሳልለበልበው ጓሮዎ ገብቼ አላውቅም።»

«እግርሽ ዘዋሪ፣ ቢላዋሽ ዘዋሪ! ሁለተኛ ጓሮዬን እንዳትረግጪ።»

ጎረቤት ሰማ። ሴቶቹ ለፍቀት ሲጠራሩ የኔን ደጃፍ ዝም ብለው ማለፍ ጀመሩ። አንዷ ተረበኛ፣ «ቢላዋሽን ጾም አስያዝሽው ወይ?» አለችኝ። ሳቅሁላት። ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

እንሰቱ አለቀ። አዲስ ችግኝ ቢተከልም አልያዘም፣ ሣሩም መሬቱን ጠላው። ቆጮ ከገበያ ሲመጣላቸው አማቴ ቀምሰው ይመልሱታል። «የሰው ጓሮ ይሸተኛል» ይላሉ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ባለቤቴ አፈር የሚያጠኑ ወጣቶች ይዞ መጣ። አንዲት ልጅ ቆፈረች፣ አሸተተች፣ ወስዳ አስመረመረች። ተመልሳም፣ «እናቴ፣ ይሄ የእንሰት በሽታ አይደለም። መሬቱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ጠጥቷል» አለችኝ። ሁላችንም ቀና ብለን ጋራዡን አየን። ባለቤቴ ወጥቶ ከባለ ጋራዡ ጋር ተጨቃጨቀ። ሰውዬው «ከኔ ግቢ ጠብታ አልወረደም» ብሎ ማለ። ማን ይመነው!

እኔ ግን የማየው አማቴን ነበር። በረንዳ ላይ ሆነው ሰምተዋል። አንዲት ቃል ጠበቅሁ። «ቢላዋሽ ንጹሕ ነበር» ይበሉኝ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጣቶቹ ጉድጓድ አስቆፈሩን። የበቆሎ ቆረቆንዳና የቡና ገለባ አነደድንበት፤ ፍም ሆኖ ወደ አመድ ሳይሄድ ውሃ ቸለስንበት። ባዮቻር ይሉታል። ያንን ከሰል አድቅቀን ከፍግ ጋር ወደ አፈሩ ቀላቀልነው። «ከሰሉ ዘይቱን ይዞ ሥሩን ያሳርፈዋል፤ በዓይን የማይታዩት የአፈር ነፍሳት ደግሞ ቀስ ብለው ይበሉታል። እኛ መርምረን ይሁን እስክንል ግን ከዚህ ጓሮ ምንም እንዳትበሉ» አለችን ልጅቷ።

«ከሰል ዘርታችሁ ምን ልታጭዱ ነው፣ እሳት?» አሉ አማቴ ከበረንዳቸው። ወጣቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን ተቀይሜ ነበርና ዋጥሁት። ዛሬ ያን ሳቅ ባልዋጥሁት እላለሁ። አብረን የምንስቅበት ሌላ ቀን አላገኘንም።

አንድ ቀን ዱላቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ወረዱ። ከከሰሉ ቆንጥረው አሸተቱ። «በጥልቁ አግቢው፤ ከላይ ከላይ አትበትኚው» አሉኝ። ማዘዝ ልማዳቸው ነው ብዬ፣ ቀና ብዬም ሳላያቸው ቆፈርሁ።

መጀመሪያ ሣር መጣ። በኋላ ለሙከራ የተተከለው እንሰት ቅጠል አወጣ። እንሰት አይቸኩልም፣ ዓመታት ይፈልጋል፤ አማቴ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ቅጠሉን ከበረንዳ አዩት፤ ቆጮውን ሳይቀምሱ ሞቱ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሴቶቹ ለፍቀት ጠሩኝ። ሄድሁ። ቢላዋዬን የጠየቀ ሰው የለም፤ የኔም እጅ እንደ ድሮው አልፈጠነም።

ስንት ጊዜ ቆይቶ፣ ያ ጋራዥ ከተዘጋ በኋላ፣ እዚያ ይሠራ የነበረ መካኒክ ገበያ ላይ አገኘኝ። ሸምግሏል። ነፍስ ይማር ብሎ ስለ አማቴ አነሳልኝ።

«ጠንካራ ሴት ነበሩ» አለ። «ባለ ጋራዡ አያውቅም እንጂ የተቃጠለውን ዘይት እቀዳላቸው ነበር። ፍልፈል የእንሰቴን ሥር እየበላ ሊጨርስብኝ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አፈስስበታለሁ ብለው በጀሪካን ይወስዱ ነበር። እንሰቱ መጠውለግ ሲጀምርማ፣ ፍልፈሉ ባሰበት ብለው ሌላ ጀሪካን ጨመሩ።»