ቅቤ ያጣ ራስ

የሚቀፈኝ ነገር ብዙ ነው። የሰው ማበጠሪያ ይቀፈኛል፤ ሳሙና ላይ የተጣበቀ ፀጉር ይቀፈኛል፤ ጣቱን በምራቅ እየነከረ ወረቀት የሚገልጥ ሰው ካየሁ ምሳዬ ይበላሻል። ሥራዬ ደግሞ ለጉድ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማልለካው ብብት፣ የማላሸተው አንገትጌ የለም። ይህን ሁሉ የቻልኩ ሴት ከገዛ እናቴ እጅ መብላት አቃተኝ ብል ማን ያምነኛል?

እናቴ ቸሃ ገጠር ነው የምትኖረው። በንጽሕናዋ ስሟ ከመንደር መንደር የሚነሳ ሴት ነበረች። ክትፎ የምታቀርብባቸው ጥቁር የሸክላ ጣባዎች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ፊት ያሳዩ ነበር። ቆጮ ስትከትፍ አንዲት የእንሰት ቃጫ አታመልጣትም። «ቃጫ የምታበላ ሴት ባሏ ጥሏት ቢሄድ አይፈረድበትም» ትለን ነበር፣ እኛን ልጆቿን አጠገቧ አስቀምጣ።

በዚያች ሴት ቤት ነው እንግዲህ ቆጮው ጥርሴ መሃል ገብቶ እንደ ክር መጎተት የጀመረው። አምና በመስቀል አይቡ ላይ የዝንብ ክንፍ አየሁ። ክንፉን ብቻ። የቀረው አካሉ የት ገባ? የጎረስኩትን ጉርሻ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ተፋሁትና ለድመቷ ጣልኩላት። ከአዲስ አበባ የመጡት ወንድሞቼ «የእማ እጅ እኮ!» እያሉ ይውጡ ነበር፤ ጠግበው፣ ጠጥተው፣ ምን ያያሉ? እኔ ግን ያን ቀን ፈራሁ። ጉራጌ ሆና በመስቀል የእናቷን ጣባ የምትሸሽ ልጅ ምን አገር አላት? ከርሞ ደግሞ ምን ብዬ ነው የማመካኘው? በሽታ? ጾም? በመስቀል!

ራሴን መታመም የጀመርኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ጥልፍ የያዝኩ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከቅንድቤ በላይ ይወጥረኛል፤ ዓይኔ ያለቅሳል፤ አንዱ ክር ሁለት ይሆናል። ክሩን በምራቄ እያረጠብኩ፣ ጫፉን እያሾልኩ፣ የመርፌውን ቀዳዳ ስስት እውላለሁ። የምጸየፈውን ሁሉ ራሴው ሆንኩት። ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ፣ ዳማከሴ አሸተትኩ፣ ክኒን ዋጥኩ። ጧት ተሽሎኝ እነሳለሁ፤ ጥልፉ ላይ ስቀመጥ ይመለሳል።

እናቴ ይህን ሰምታ በሚኒባስ መጣች። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች።

«ራስሽ ቅቤ አጥቶ ነው» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

ቅቤው የከረመ ነው። ኮባው ሲፈታ የወጣውን ሽታ አሁንም አፍንጫዬ አልረሳውም። አናቴ ላይ እንደ ቆብ ደፋችውና በመዳፏ ታሸው ጀመር። ቀልጦ በጆሮዬ፣ በማጅራቴ፣ በጡቶቼ መሃል ወረደ። አንድ ነገር ግንባሬ ላይ ተንከባለለ፤ ብነካው የሞተ ጉንዳን ነው። ሌላም አለ። አንድ በአንድ እየለቀምኩ ወለል ላይ ጣልኩ። ነጭ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች። ቋቅ ልል ደረስኩ፤ በእናቴ ሳይሆን በራሴ ሽታ።

«እኔም እኮ ራሴን እየያዘኝ ነው የምውለው» አለች እናቴ፣ ግንባሯን ጠፍሮ ያሰረውን ሻሽ እያጠበቀች። «ቅቤ ባይኖር ሞቼ ነበር።»

ከሄደች በኋላ ደንበኞቼ መነፅር ግዢ አሉኝና ገበያ ወረድኩ። ሻጩ መነፅሮቹን በካርቶን ላይ ዘርግቷል፤ የመጣ ሁሉ አፍንጫው ላይ እየሰካ ይሞክራል። የሰጠኝ መነፅር አፍንጫ የሚያርፍበት ላይ አረንጓዴ ነገር ደርቆበታል። ሻጩ ሃ ብሎ ተነፈሰበት፣ በሸሚዙ ጫፍ አሸት አደረገው፣ «አሁን ሞክሪው» አለኝ። ጥዬው ሮጥኩ።

በመጨረሻ፣ ቅቤው ገና ከራሴ ሳይለቅ፣ ቡታጅራ ሄጄ ዓይኔን ታየሁ። የመረመረችኝ ልጅ የሙከራ መነፅሩን ጆሮዬ ላይ ልትሰካ ጠጋ ስትል ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ። መስታወቱን በቅቤዬ ስላጨማለቅኩት ሁለት ጊዜ ጠረገችው። ሰውን ስጸየፍ የማሳየውን ፊት ሌላ ሰው ለእኔ ሲያሳየኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ራስዎ አይደለም የታመመው» አለችኝ ጨርሳ። «በዚህ ዕድሜ ዓይን ቅርቡን ማየት ይከብደዋል። ለማየት ሲታገል ይውልና ድካሙ ግንባርዎን ይይዝዎታል።»

የቅርብ መነፅር ተሰጠኝ። ክሩ አንድ ሆነ፤ ከቅንድቤ በላይ ያለው ገመድ ላላ። ቅቤውንም በሳሙና አጥቤ አጥቤ ተገላገልኩት። መስቀል ሲደርስ መነፅሬን ይዤ ወደ ቸሃ ወጣሁ፤ ሳልጸየፍ የምበላበትን ዘዴ ግን አላገኘሁም።

ሴቶች የጎመን ክትፎ የምንበላበት ቀን ነው። ወንድሞቼ ገና አልገቡም። እናቴ ቆጮውን መክተፊያው ላይ አድርጋ ልትጀምር ስትል «እስቲ እኔ ልክተፍ» ብዬ መነፅሬን አጠለቅሁ። ምነው ባላጠለቅሁት! ሊጡ ውስጥ ያለው ቃጫ ብቻ አይደለም፤ ፀጉር አለ፣ ጥላሸት አለ፣ ምን እንደሆነ ያላወቅሁት ጥቁር ነገር አለ።

«ምነው፣ ሾፌር ሆነሽ መጣሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እጇን ስትዘረጋ ሳተችኝና ጉንጬን ነካች፤ ከዚያ በጣቷ ዳብሳ መነፅሩን አገኘችው። አውልቃ ዓይኗ ላይ አደረገችው። «እስቲ እኔም እንደ ተማረ ሰው ልየው።»

ሳቋ ቆመ።

ጎንበስ ብላ መክተፊያውን አየች። አንዲት ቃጫ ጎትታ አወጣች። ሌላም። ቀጥላ ፀጉሩን። ተነሥታ ከግድግዳው አንድ ጣባ አወረደችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ጠርዙ ላይ የአምናው ቅቤ ደርቋል፣ ከሥሩ ዝንብ ተጣብቋል። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ የእኔ ፊት ነበር።

«ይህን ነው ሳበላችሁ የከረምኩት?» አለች።

«አዶት» አልኳት፣ እናቴ ሆይ እንደማለት፣ «ያን ያህል እኮ አይደለም…»

«አንቺ ይታይሽ ነበር?»

ጣባውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ሻሿን ፈታ አደረገችና፣

«ለዚህ ነዋ የማትበዪልኝ» አለች። «ጉርሻሽ ለድመቷ ሲወድቅ እሰማው ነበር። እኔ እኮ ከተማ ለምዳ እኔን ንቃኝ ነው እል ነበር።»

ጣባዎቹን ሁሉ አወረደች፤ እኔ ውኃ ቀዳሁ፣ እሷ አጠበች። ቆጮውን እንደ አዲስ ከተፈችው። ከመጀመሪያው ጎመን ቆንጠር አድርጋ፣ ብርሃን ላይ ይዛ ግራ ቀኙን ካየች በኋላ አጎረሰችኝ። በላሁ።

ስመለስ መነፅሩን ስጪኝ ማለት አልቻልኩም። እሷም አላወለቀችውም። ሌላ እስኪሠራልኝ ድረስ ጥልፉን በባዶ ዓይኔ ያዝኩት፤ ከሰዓት በኋላ ግንባሬ ሲወጥረኝ ሻሼን ጠፍሬ አስራለሁ።