የመምህር ይስማው ዋስ

አዲስ የቃጫ ገመድ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ አንድ የጥቅምት ቀን ትዝ ይለኛል። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የከተማችን ወጣቶች በአዳራሹ በር ላይ ትልቅ ባነር ሲሰቅሉ ደረስኩና ያ ደረቅ፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ባነሩ ላይ የመምህር ይስማው ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩ «የደብረ ታቦር ኩራት፣ የቼዝ ሊቅ» ተብሎ ተጽፏል። እሑድ በስማቸው የቼዝ ውድድር ይከፈታል። ልጆቹ ገመዱን ምሰሶው ላይ እየጠመጠሙ፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ በየግድግዳው በከሰል ቁጥር የምትጽፈዋን ዘነበችን ደግሞ «ሂጂ ወዲያ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው!» እያሉ ያባርሯት ነበር። አስተባባሪው ሀብታሙ ድሮ ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ጠጋ ብሎ በትሕትና፣ «መምህርት፣ እሑድ ስለ እሳቸው ትንሽ ይናገሩልን። ብቻ የድሮውን የገመድ ነገር ባያነሱት ጥሩ ነው፤ ለፕሮግራሙ አይመችም» አለኝ። «እሑድ እንገናኝ» ብዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እንዲህ ያልኩት ግን ተስማምቼ አይደለም።

መምህር ይስማው ጎረቤታችን ነበሩ፤ የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው ያዘመመ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው። ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ማስተማሩን ትተው በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ዕድር የላቸውም፤ ሠርግ አይሄዱም፣ ለቅሶ አይደርሱም፤ በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ከሌባ የባሰ ነው። የጉና ብርድ ወደ ከተማው ሲወርድ ያንን ረጅም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከራሳቸው ጋር እያወሩ ገበያውን ያቋርጣሉ፤ ሴቶቹም ድንቻቸውን ከመንገድ እየሰበሰቡ «ትምህርቱ በዛና ነካ አደረጋቸው፣ አይ እናት!» ይሉ ነበር። ለምን ትምህርት ብቻ ሰውን ነካ እንደሚያደርግ፣ መጠጥና ሐሜት ለምን እንደማያደርጉ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም።

ሰፈሩን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠው ግን ጨዋታቸው ነው። ከጽድ እንጨት በቢላዋ የጠረቧቸውን ንጉሥና ንግሥት፣ ፈረስና ወታደር በሰሌዳው ላይ ይደረድራሉ፤ አንዱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ጠጠር ያንቀሳቅሱና ተነሥተው ከፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያስባሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከዚያም ወደ ቦታቸው ተመልሰው ለባዶው በርጩማ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሡ «ይጫወቱ እንጂ» ይላሉ። ይህን በአጥር ቀዳዳ ያየች አንዲት ጎረቤት ወሬውን ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር አዳረሰችው። ሰይጣን ማስተናገዳቸው አንድ ነገር ሆኖ፣ አንቱ እያሉ ማስተናገዳቸው የባሰ ተባለ።

እኔ ግቢያቸው የገባሁት በዶሮ ሰበብ ነው። ዶሯችን አጥሩን ሾልካ ሄደች፣ እናቴ አምጫት አለችኝ፣ ስገባ ዶሯ ከሰሌዳው አጠገብ ጥሬ ትለቅማለች፤ እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና ባዶውን በርጩማ አመለከቱኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዶሯ በራሷ ባትሄድ እንኳ እኔ አሳድጄ እሰዳት ነበር። የጽዱ ሽታ፣ በበሩ ሥንጥቅ የሚገባው ፀሐይ፣ ሲያስቡ ጢማቸውን የሚያፍተለትሉት ነገር ዛሬም አይኔ ላይ አለ። አፍንጫዬን በእጅጌዬ የምጠርገውን እኔን፣ ከሰሌዳው ፊት ስቀመጥ አንቱ ይሉኝ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ «በይ ዶሮሽን ይዘሽ ሂጂ» ይሉኛል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው «አንቱታው ለሚያስብ ሰው ነው» አሉኝ። አንድ ቀን እንኳ ሆን ብለው ተሸንፈውልኝ አያውቁም፤ እንደዚያ አድርጎ ያከበረኝ ሰው በልጅነቴ አላገኘሁም።

አባቴ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር፤ «ይሄ ሰውዬ ጠበል ካልገባ ሰፈሩን ይጨርሳል» እያለ ከሁሉ በላይ የሚጮኸውም እሱ ነው። እዚያ እንዳልሄድ ከልክሎኛል፤ እሱ ወፍጮ ቤት ሲውል ግን እኔ ዶሮ ፍለጋ እውላለሁ።

አንድ የጥቅምት ቀን፣ ጨዋታ ላይ እንዳለን፣ የመምህር ይስማው እኅት እትዬ ዘውዴ ከገሳይ መጡ። አጎታቸውን አያ መኮንንንና ጉልበተኛ ዘመዶቻቸውን አስከትለዋል፤ ከዘመዶቹ በአንዱ ትከሻ ላይ የተጠቀለለ አዲስ የቃጫ ገመድ አለ። አስረው ጠበል ሊወስዷቸው ነው። እትዬ ዘውዴ ያለቅሱ ነበር፤ ወንድማቸውን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፣ ይህን እመሰክራለሁ። ቢሆንም ገመዱ ገመድ ነው፣ የሚታሰረውም እጅ ያንን ሁሉ ፈረስ የጠረበ እጅ ነው።

ሰፈሩ ግቢውን ሞላው። በእኛ ዘንድ ሰው በጎረቤቱ ፊት ከመታሰሩ በፊት ዋስ ይጠራለታልና አያ መኮንን በትራቸውን ተደግፈው፣ «ይህ ሰው ጤነኛ ነው፣ ለራሱም ለሰውም አያሰጋም ብሎ ዋስ የሚሆን ካለ ይውጣ!» አሉ። ማንም አልወጣም። ልጆቻቸውን ሒሳብ ያስተማሩላቸው ሰዎች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። መምህር ይስማው ከሰሌዳው ቀና ሳይሉ «ተራው የእርስዎ ነው» አሉኝ። ፈረሴን አንቀሳቀስኩና ብድግ ብዬ «ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ።

ግቢው በሳቅ አለቀ። አባቴም ወሬውን ሰምቶ፣ ዱቄት እንደለበሰ ከወፍጮ ቤት ሮጦ መጥቶ ኖሮ ጆሮዬን ጠምዝዞ ይጎትተኝ ጀመር። ያን ጊዜ አያ መኮንን እየሳቁ «ሕፃን ዋስ አይሆንም፤ የሷ ቃል ምን ቃል ነው?» አሉ። አባቴ ቆመ። ፊቱ ከዱቄቱ ሥር ሲቀላ አየሁት። «የኔ ልጅ ናት! ቃሏ ከወጣ ወጥቷል። ለሷ ቃል እኔ አለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ!» አለ። ጆሮዬን ግን አልለቀቀም።

ገመዱ ሳይፈታ ወደ ገሳይ ተመለሰ። አባቴ ከዚያ በኋላ ወፍጮውን ዘግቶ ሲወጣ፣ ዋስ ነኝና ማየት አለብኝ እያለ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው አንድ ቃል አይናገሩትም፣ እሱ ደግሞ «ፈረስ እንዲህ ታጥፎ አይሄድም፣ ፈረስ የማያውቅ ሰው ነው ይህን ያወጣው» እያለ ጨዋታውን ይነቅፋል። ጠላ ቤት ውስጥ ስማቸው በክፉ ሲነሣ ግን «የኔን ሰውዬ ተዉት!» ብሎ ጠረጴዛ ይመታ ነበር። ጤነኛ ናቸው ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ለጎረቤትነቱ ያ አላስፈለገውም።

እኔ ባሕር ዳር ስማር መምህር ይስማው ዐረፉ። ቤቱ ሲጸዳ እነዚያን የጽድ ንጉሦችና ፈረሶች የሰፈሩ ሰዎች መተት ናቸው ብለው ግቢው ውስጥ አቃጠሏቸው። አባቴ ሲደርስ እሳቱ ተያይዟል፤ ዋሳቸው ነኝ ብሎ ቢጮህ «ለሞተ ሰው ዋስትና የለም» አሉት። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጽድ ጽድ ሲሸት ዋለ ብሎ ነገረኝ፤ እያለቀሰ ነበር የነገረኝ።

አሁን አባቴም የለም። እኔም ሸብቻለሁ፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ አንቱ ይለኛል፤ ለሽበቴ ነው። ለሐሳቤ አንቱ ያለኝ ሰው አንድ ነበር፣ የጠረባቸውን ፈረሶች ያቃጠለች ከተማ ዛሬ ፎቶግራፉን ሰቅላ ኩራቴ ትላለች። ትኩራ፣ አልከለክላትም። ግን ኩራቱን ያለ ገመዱ አልሰጣትም።

እሑድ መድረኩ ላይ ወጥቼ ከገመዱ እጀምራለሁ። ሀብታሙ ይቆጣ። ከዚያ ዘነበችን፣ በር ላይ ከከለከሏት ራሴ ወጥቼ፣ እጇን ይዤ አስገባታለሁ፤ ከሰሉ በጣቷ ላይ እንዳለ። አያ መኮንን የጠየቁትንም ጥያቄ ያንኑ እጠይቃለሁ፤ ለዚች ልጅ ዋስ የሚሆን ካለ ይውጣ። መሬት መሬት ካዩ ዋሷ እኔ ነኝ፤ አሁን ሕፃን ነሽ ብሎ የሚመልሰኝ የለም።