ያልተቆፈሩት ጉድጓዶች

ሠላሳ አንድ ዓመት ለከተማው መሬት የቆፈረ አትክልተኛ ነበር። ሰፈሩ «አባ ችግኝ» ይለዋል።

አዲሱ ፓርክ ሁለት ዓመት ይፈጃል ተብሎ አምስት ፈጀ፤ ወጪውም ሦስት እጥፍ ሆነ። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር በአዳራሽ ተሰብስቦ ማብራሪያ ተሰጠው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ብዙ ተናገሩ። አባ ችግኝ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ነገር ነው፦ አራት ሺህ ዛፍ ተተክሏል አሉ።

ሊነሳ ሲል ሚስቱ የኮቱን ጫፍ ያዘችው።

«ተው አንተ ሰውዬ! ለጡረታህ ስምንት ወር ነው የቀረህ።»

«የቆፈርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ተነስቶ ማይኩን ተቀበለ። «ጌታዬ፣ እኔ የቆፈርኩት ዘጠኝ መቶ አርባ ጉድጓድ ነው። በየረድፉ ቆጥሬዋለሁ። የቀረውን ማን ቆፈረው? ፍልፈል ነው?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊው ፈገግ አሉ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባቴ። አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል።» በመንገድ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እጁን ጨበጡት። ሚስቱ እንኳ ሳትወድ በግዷ ኮራች።

በሁለት ወሩ ኮሚቴው ጠራው። አንዱ አባል ውሳኔውን አነበበለት፦ ሦስት ሺህ ስልሳ ችግኝ በአትክልተኛው ቸልተኝነት ደርቋል።

«ያልመጣ ችግኝ እንዴት አድርጎ ይደርቃል?»

«ተረክበው ፈርመዋል እኮ፣ አባቴ» አለና የርክክብ ወረቀቱን አዞረለት።

አየው፤ ከፊርማው በላይ «አራት ሺህ ችግኝ» ተብሎ ተሞልቷል። ሥራው በተጀመረ ሰሞን የኃላፊው ረዳት ባዶ ቅጽ አምጥቶ «ቁጥሩን ኋላ እሞላዋለሁ፣ ሥራ እንዳይጓተት» ብሎ አስፈርሞት ነበር። አምኖት ፈረመ። አሁን ፊርማዬ አይደለም ብሎ ቢክድ ማን አየሁ ይላል? ግን ውሸት አልሆነለትም። «ፊርማው የኔ ነው» አለ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ብላ ጮኸች ሚስቱ፣ ቤት ገብቶ ሲነግራት። ያን ቀን እራት የበላ የለም።

ከሥራ ተባረረ። ኃላፊው ሌላ መሥሪያ ቤት ተሾሙ። በሁለተኛው ስብሰባ «ለወጪው መናር ተጠያቂ የሆነው አካል ተለይቷል» ሲባል ያው ሕዝብ አጨበጨበ። እሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰማው። እጁን ጨብጠውት ከነበሩት አንዱ ዞር ብሎ አየውና አንገቱን ደፋ።

ዛሬ በየሰው ግቢ እየዞረ አጥር ይከረክማል፣ ያውም ሥራ ሲገኝ። ከሥራ ሲመለስ በፓርኩ በኩል ቢያልፍ ቤቱ ቅርብ ነበር። አያልፍም፤ ያመመውን ጉልበቱን እየጎተተ፣ በዳገቱ ዞሮ ይገባል።