የአቦ ዕለት ዳቦና የጋሼ ጉበት

አንድን ነገር ሁለቴ አስለክተው ሁለት የተለያየ ቁጥር ደርሶዎት ያውቃል? የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን «መሣሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት አለካካችሁን እዩ» እላቸዋለሁ። ባለፈው ወር ይህንኑ ከአጎቴ ከጋሽ ተፈራ ጋር ተጉዤ ተማርኩት።

የጋሼ ጉበት ጠባሳ ይዟል። እንዲህ ያለ ጉበት ደም እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ወደ እሱ በሚገባው ትልቅ ሥር ውስጥ ፍሰቱ ይዘገያል። ፍጥነቱ በአልትራሳውንድ ይለካል። ጋሼ መንዝ እህታቸው ዘንድ ሁለት ወር ሊቀመጡ አስበዋል። ሐኪማቸው ግን «ፍሰቱ ካለፈው ከቀነሰ ከሆስፒታል አይራቁ» ብሏቸዋል።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ጀሞ

የሚኒባሱ ሰልፍ የኮንዶሚኒየሙን አጥር ይዞ ይጠመዘዛል።

«ባዶ ሆድዎን ነዎት አይደል፣ ጋሼ?»

«ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። አንተ ደግሞ ቤትም ፈተና ነው የምታወጣው።»

ሁለት ሰዓት፣ መካኒሳ አቦ

ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ የአቦ ዕለት ነው፤ መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኗል። ጋሼ ሊሳለሙ ገቡ፤ እኔ ቀድሜ ክሊኒኩ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ።

ጋሼ መጥተው ስንጠራ የአልትራሳውንድ ዶክተሯ ሦስት ጊዜ ለካች። መሣሪያው ትንሽ ካዘመመ ወይም ታማሚው ከተነፈሰ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሦስቱም ተቀራረቡ፦ በሰከንድ አሥራ ሰባት ሴንቲሜትር። ያለፈው አሥራ አራት ነበር።

«በቃ፣ መንዝ ገባሁ» አሉ ጋሼ ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ።

ዶክተሯ ግን ከስክሪኑ ዓይኗን አላነሳችም። «ጨጓራዎ ሞልቷል፣ አባባ። ምን በሉ?»

«ምንም። ከዝክሩ ዳቦ በቀር።»

«ስንት ቁራሽ?»

«ሴቶቹ ናቸው የጨመሩልኝ። ንፍሮም ነበረው። የአቦን ዝክር እንቢ ይባላል እንዴ?»

ሳቀች። «ጨጓራ ዝክርና ቁርስ አይለይም፣ አባባ። ነገ ባዶ ሆድዎን ይምጡ።»

ነገሩ ቀላል ነው፦ ስንበላ ወደ አንጀት ብዙ ደም ይሄዳል፤ ሲመለስ በጉበት በኩል ያልፋል። ያለፈው የተለካው በባዶ ሆድ ስለነበር የዛሬው ከእሱ ጋር አይወዳደርም። ሦስቱ ልኬቶች የተስማሙት ሁሉም ጋሼ ከበሉ በኋላ ስለተለኩ ነው።

በማግስቱ

ጋሼ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሆነው ተሳልመው አለፉ። ያው አልጋ፣ ያችው ዶክተር፣ ባዶ ሆድ። ፍሰቱ አሥራ አንድ ሆነ፤ ካለፈው አሥራ አራት ቀንሷል።

ጋሼ ሸሚዛቸውን ቀስ ብለው ቆለፉ። «በትናንቱ ቁጥር ብሄድ ኖሮስ?» አሏት።

«ጉበት ያላሳለፈው ደም የምግብ ቧንቧን ሥሮች ወጥሮ ሊያፈነዳ ይችላል፤ ድንገት ደም ቢያስመልስዎ ሆስፒታሉ ሩቅ ይሆን ነበር።»

ወደ ጀሞ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለእህታቸው ደወሉ። «እኔ አልመጣም። አንቺ ነይ። አዎ፣ ሁለት ወር ተቀመጪ፤ ይህ አስተማሪ አልጋውን ይለቅልሻል።»

ቤት እንደደረስን አንሶላዬን አነሳሁ። ከዚህ ጉዞ የያዝኩት፣ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃና እንዴት እንደተለካ መታወቅ እንዳለበት ነው። እርስዎም ዛሬ ይሞክሩት፦ ከምሳ በፊት አረፍ ብለው የልብ ምትዎን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከምሳ በኋላ ይድገሙት፤ ከየቁጥሩ ጎንም በልተው እንደሆነና እንዳልሆነ ይጻፉ።