ሽቦ አይረሳም

ልሄድ አንድ ማታ ሲቀረኝ አባቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። ዕድሜውን ሙሉ አንቴና ሲሰቅል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጣሪያ መውጣት ብርቁ አይደለም። የዚያን ዕለት ግን የሚጠገን ነገር አልነበረም። ሻንጣዬን ይዤ መሰላሉ ሥር ቆምኩ።

"አባዬ፣ ውረድና መርቀኝ እንጂ።"

"እጄ ሥራ ይዟል።"

"አውቶቡሱ ጠዋት ወደ ሞያሌ ይነሳል እኮ!"

"የምድሩን አንቴና ሳትጨርስ የሰማዩን ልትሠራ? ሂድ፣ ማን ያዘህ!"

ሳልመረቅ ወጣሁ። ወገኖቼ፣ ይሄ እንዴት እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግርም።

ናይሮቢ የጠራችኝ ላቪንግተን ሰፈር ያለች አንዲት ትንሽ ቢሮ ናት። የውጭ አገር ሳይንቲስቶች ህዋ ላይ በጣም ትልቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሊሠሩ ያስባሉ። ከከዋክብት የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ምድር ላይ ሆኖ መያዝ ከባድ ነው፤ የእኛ ሞባይልና ራዲዮ ይውጠዋል። የቢሮዋ ድርሻ የቴሌስኮፑን ሳህን ትንሽ ሞዴል መሥራት ነበር። ሳህኑ ስስ የሽቦ መረብ ነው፤ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ወጥቶ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይዘረጋል።

ወርክ ፐርሚት ልጠይቅ ስሄድ ሹሙ ፎርሙን አገላብጦ፣ "የምትሠሩት ነገር የት ነው የሚተከለው?" አለኝ።

"ህዋ ላይ።"

"የመሬቱ ፕሎት ነምበርስ?"

"የለውም ጌታዬ።"

"መሬቱ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም።"

ብዕሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። "የማንም ያልሆነ መሬት አግኝታችሁ እስካሁን አጥር አልሠራችሁለትም?"

ታይትል ዲድ የሚሉትን የመሬት ካርታ ካላመጣህ ብሎ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። በአራተኛው አለቃው እየሳቀ ፈረመልኝ።

ኑሮውንስ ለመድኩት። የማድረው ኢስትሊ ሰፈር ነው፤ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ እየተጋፋሁ እመላለሳለሁ። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ገንፎ ነው እላችኋለሁ፣ መሐሉ ላይ ግን ለቅቤው ጉድጓድ የለውም። ሐምሌያቸው ይበርዳል እንጂ ደህና ዝናብ የለውም። ሲዘንብም የቢሮው ጣሪያ ሸክላ ስለሆነ ድምፁ አይሰማም። እኔ ደግሞ ያደግኩት ቆርቆሮ ሥር ነው። ናፍቆቱ የሚጀምረኝ በዚያ ነው።

በየእሑዱ ስደውል አባቴ ስልኩ ጋ አይመጣም። "ሥራ ላይ ነው በይው ይላል" ትለኛለች እማዬ። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ እሑድ በጣም ከፍቶኝ ነበር። ሞዴሉን ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ ሰቅለን ስንዘረጋው መረቡ እርስ በርሱ እየተያያዘ አምስቴ ግማሽ ላይ ቆሞብናል። ይህንኑ ለእማዬ ሳወራላት ስልኩ ተንኮሻኮሸ።

"እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታጥፉት?"

የአባቴ ድምፅ ነው! "ከዳር ወደ መሐል" አልኩት።

"ሽቦ የተጠቀለለበትን አይረሳም። ከፋብሪካ ሲመጣ በተጠቀለለበት በኩል እጠፈው። ያለዚያ ዕድሜህን ሙሉ ሲጣላህ ይኖራል።" ይህን ብሎ ስልኩን ለእማዬ መለሰላት።

ማክሰኞ እንዳለው አድርገን አጠፍነው። ጓደኞቼ ሲያጨበጭቡ እኔ ወደ ቤት ደወልኩ። ያነሳው እሱ ነበር።

"ተዘረጋ?"

"ተዘረጋ፣ አባዬ!"

"እሰይ። አንድ ብቻ ነው የሚሰቅሉት?"

"ብዙ ነው፣ አራርቀው። አንዱን ኮከብ አብረው ይሰሙታል። በተራራቁ ቁጥር አጥርተው ይሰማሉ።"

"እሱ ለብረት ነው" አለኝ።

እንባዬ መጣ። "አባዬ፣ አሁን እንኳ መርቀኝ።"

"በስልክ ምርቃት አላውቅም። ና፣ ጉልበቴን ስመህ ትመረቃለህ።"

ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። እሷም ራቅ እስኪል ጠብቃ፣ "እባክህ ልጄ፣ አንተን ይሰማሃልና ንገርልኝ" አለችኝ። "ልትሄድ ያልክ ማታ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቤቱን አንቴና ወደ ሞያሌ አዙሮታል። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን አይተን አናውቅም። መልሰው ብለው አሻፈረኝ አለ።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አልኳት።

ይኸው ሁለተኛ ሐምሌዬን ይዣለሁ። እስካሁን አልነገርኩትም።